ኮንገር ኢል፦ ትልልቆቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው? አጥንታቸው ይሟሟል የሚባለውስ?

ጠያቂ፦ የወደብ_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨንና በኮርንዎል ዳርቻ ስለሚገኘው ኮንገር ኢል የምታውቁ ብትመልሱልኝ። እባብ የሚመስለው ግራጫ የባሕር ዓሣ ማለቴ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ከወንዝ ኢል በምን ይለያል? ሁለቱም ወደብ ውስጥ ይያዛሉ፣ አንዱን ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው ይባላል። ለመራባት ሲደርስ ጥርሱ ይረግፋል፣ አጥንቱም ይሟሟል የሚሉት እውነት ነው ወይስ የዓሣ አጥማጅ ወሬ? ስድስት ሜትር የሆነ ተያዘ የሚል ፎቶም ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። እንዲሁም ስለ ጠባዩ፣ ስለ አያያዙና ስለ መብሉ የምታውቁትን ጨምሩልኝ።


መልስ 1፦ ጥልቁ

ከመለየቱ ልጀምር፣ ስህተቱ ቅጣት የሚያመጣው እዚህ ላይ ስለሆነ። የወንዙ ኢል (አንጉዊላ አንጉዊላ) ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች አንዱ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ በመንጠቆ የያዘው ሰው ወዲያው ወደ ውኃ መመለስ አለበት። ኮንገር (ኮንገር ኮንገር) እንዲህ ያለ ስጋት የለበትም።

በመጠንና በቀለም ለመለየት አትሞክር። ትንሽ ኮንገርና ትልቅ የወንዝ ኢል እኩል ይሆናሉ። የኮንገር ቀለምም እንደ ሰፈሩ ነው፤ ድንጋይና የሰመጠ መርከብ ውስጥ የሚኖረው ወደ ጥቁር ያደላል፣ አሸዋ ላይ የሚውለው ገርጣ ያለ ግራጫ ይሆናል። የማያሳስተው ምልክት የጀርባው ክንፍ መነሻ ነው። በኮንገር ላይ ክንፉ ከራሱ ብዙም ሳይርቅ፣ የደረት ክንፎቹ ጫፍ በሚያርፍበት አካባቢ ይጀምርና ዞሮ ከሆድ በኩል ካለው ጋር ጅራት ላይ ይገናኛል። በወንዙ ኢል ላይ ግን ከደረት ክንፉ በጣም ወደ ኋላ ርቆ ነው የሚነሳው። ከዚያ አፉን ከጎን እይ። የኮንገር የላይኛው መንጋጋ የታችኛውን አልፎ ይወጣል፤ የወንዙ ኢል በተቃራኒው የታችኛው መንጋጋው ይቀድማል። ሁለቱ ምልክቶች ከተስማሙ ጨርሰሃል። የደረት ክንፍ ጭራሽ ከሌለው ደግሞ ሞሬይ የሚባለው ሌላ የኢል ዓይነት ነው፤ እጅህን አርቅ።

ስለ ፎቶው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሊመዝ ላይ በመረብ የወጣ 131 ፓውንድ (59 ኪሎ ግድም) የመዘነ ኮንገር ነበር። ለካሜራው ቀረብ ብሎ ተሰቅሎ ስለተነሳ፣ ሰዎቹ ደግሞ ከኋላ ስለቆሙ፣ ጋዜጦች «20 ጫማ» (ስድስት ሜትር ገደማ) ብለው አወሩት። እውነተኛው ርዝመቱ የዚያ ሲሶ ገደማ ነው። ሒሳቡን ራስህ ሥራው፦ ቅርጹ ሳይለወጥ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ የሆነ ዓሣ ክብደቱ 27 እጥፍ ይሆናል። 59 ኪሎውን በ27 ብታበዛው ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመጣል። የትኛው ክሬን አነሳው?

በዘንግ ተይዞ የተመዘገበው የብሪታንያ ክብረ ወሰን 133 ፓውንድ ከ4 አውንስ ነው፣ ማለትም 60.4 ኪሎ። የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1995 በዴቨን፣ ቤሪ ሄድ በሚባለው ራስ ፊት ለፊት ነው። እስከ ሦስት ሜትር እንደሚደርሱ ይጻፋል፤ ሁለት ሜትር ያለፈ ግን ለማንም ትልቅ ዓሣ ነው።


መልስ 2፦ እጭ_ፈላጊ

አጥንት ይሟሟል የሚባለው ወሬ አይደለም። እንዲያውም ሙሉው ታሪክ ከወሬው ይብሳል።

መጀመሪያ ግን አንድ እርማት፦ ትልቁን ኮንገር «እሱ» ማለት ትተን «እሷ» እንበላት። ወንዶቹ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፉም። ከዚያ በላይ የሆነችው፣ 20 ኪሎም ትሁን 50፣ ሴት ናት። ደግሞም ገና ያልወለደች ሴት፤ ምክንያቱም ኮንገር በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ትራባለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ለዚያ አንድ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ትዘጋጃለች።

ጊዜዋ ሲደርስ መብላት ታቆማለች። አንጀቷ ይጨማደዳል፣ ጥርሶቿ ይረግፋሉ፣ አጥንቷ ማዕድኑን እያጣ ይለሰልሳል፤ በመጨረሻ የራስ ቅሏ በጣት የሚጎደጉድ ይሆናል። በአንጻሩ የዕንቁላል ቋቶቿ አድገው የሰውነቷን ክብደት እስከ ግማሽ ሊደርሱ ይችላሉ። በውስጣቸው ያለው ዕንቁላል በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ለትልልቆቹ ከ3 እስከ 8 ሚሊዮን ይባላል። ምግብ ስለማትቀበል ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚሆነውን ከራሷ ሥጋና ስብ ትበደራለች። ብድሩን የምትመልስበት ነገ ግን የላትም።

ይህን የምናውቀው በአብዛኛው ከአኳሪየም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፕሊመዝ በሚገኘው የባሕር ምርምር ጣቢያ የሠራው ካኒንግሃም በገንዳ የተያዙ ሴቶች ምግብ እየተዉ፣ እያበጡ፣ ዕንቁላላቸውን ሳይጥሉ ሲሞቱ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1891 ጽፎታል። በገንዳ ውስጥ የማይጥሉት የጥልቁ ባሕር ሁኔታ ስለሌለ እንደሆነ ይገመታል። በተፈጥሮ የሚሄዱበት ቦታ ሩቅ ነው፦ አትላንቲክ ውስጥ በጂብራልታርና በአዞረስ ደሴቶች መካከል፣ ሜዲትራኒያን ውስጥ ደግሞ በሰርዲኒያ ዙሪያ። ቦታው የተገመተው በተገኙት እጮች መጠን ነው፤ እጮቹ እያነሱ በሄዱ ቁጥር ወደ መወለጃቸው እየተቃረብን ነው ማለት ነው። ስትጥል በዓይኑ ያየ ሰው የለም።

አሁን ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ክፍል። ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ ኢል አይመስልም። እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ጠፍጣፋ፣ እንደ መስታወት ያለ ነገር ነው፤ ጋዜጣ ላይ ቢቀመጥ ፊደሉ በውስጡ አልፎ ይነበባል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዊሊያም ሞሪስ የተባለ ሰው በዌልስ፣ ሆሊሄድ አጠገብ አንዱን አገኘ፤ ተመራማሪዎችም ራሱን የቻለ ዓሣ መስሏቸው «ሌፕቶሴፋለስ ሞሪሲ» አሉት። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካዊው ቴዎዶር ጊል ይህ የኮንገር ልጅ ነው ሲል ገመተ። ግምቱን ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ኢቭ ደላዥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ብሪታኒ ውስጥ ሮስኮፍ ላይ እጩን በገንዳ ይዞ ሲለወጥ ተመለከተ። ቅጠሉ ኮንገር ሆነ፣ የዝርያው ስምም ተሰረዘ።

በለውጡ ጊዜ እጩ አያድግም፣ ያጥራል። 14 ሴንቲሜትር አካባቢ የነበረው ወደ 8 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ሰውነቱ በአብዛኛው ውኃ ያዘለ ዝልግልግ ነገር ስለሆነ ውኃው ሲወጣ ይኮማተራል፤ ዝልግልጉ ራሱ ለአዲሱ ሥጋ መሥሪያ ይሆናል። ወደ ዳርቻ ሲደርስ ትል የሚያክል፣ ግን የተሟላ ኮንገር ነው።


መልስ 3፦ መንጠቆ_10

ከላይ የተባለውን ይዛችሁ ወደ ተግባሩ እንግባ።

ኮንገር ቀን ቀን ጉድጓዷ ውስጥ ናት። የድንጋይ ስንጥቅ፣ የወደብ ግንብ ቀዳዳ፣ የሰመጠ መርከብ ቧንቧ፣ ጅራቷን አስገብታ ራሷን የምታወጣበት ማንኛውም ቦታ ይስማማታል። ስትመሽ ትወጣለች። ጥልቅና ጨለማ ውኃ ውስጥ ባለ የሰመጠ መርከብ ግን ቀንም ትበላለች፤ ከዳርቻ የሚያጠምድ ሰው ግን ከመሸ በኋላ ቢመጣ ይሻለዋል። የምታድነው በማሽተት ነው። የምትበላው ፓውቲንግና ሌሎች ትንንሽ የኮድ ዓሣ ዘመዶች፣ ሸርጣን፣ ስኩዊድ፣ ካትልፊሽ፣ ኦክቶፐስ ነው። የሎብስተር ወጥመድ ውስጥም ማባበያውን ፍለጋ ትገባለች፤ ቅርፊቱን የለወጠ ለስላሳ ሎብስተር ካገኘች አትምርም።

ስለዚህ ማባበያው መሽተት አለበት፣ ትኩስ መሆን አለበት። «ኮንገር ጥንብ ትበላለች» የሚለውን አትስሙ፤ የከረመ ማከሬልን ነክታ ትተዋለች። ሙሉ ማከሬል የጀርባ አጥንቱን አውጥታችሁ ሁለቱን ሥጋ ከራሱ ጋር ተንጠልጥለው ተዉት፣ ወይም ሙሉ ስኩዊድ ወይም ካትልፊሽ ተጠቀሙ። ማባበያ ላይ መንጠቆው በራሱ በኩል ገብቶ ጫፉ በግልጽ መውጣት አለበት። ጫፉ ሥጋ ውስጥ ከተቀበረ ዓሣዋ አፏን ስትከፍት ማባበያውም መንጠቆውም አብረው ይወጣሉ።

ለሰመጠ መርከብ የ30 ወይም የ50 ፓውንድ ደረጃ ዘንግ፣ በመጠን ቁጥሩ ከ8/0 እስከ 10/0 የሆነ መንጠቆ፤ ከዳርቻ 6/0 ይበቃል። የመጨረሻው ክር (መንጠቆውን የሚይዘው) 200 ፓውንድ የሚችል ወፍራም ናይለን ሆኖ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ይርዘም። ቀጭን ካደረጋችሁት ጥርሶቿ ይፈጩታል። ጥርሶቿ ተጠጋግተው እንደ አንድ ስለት የተሰለፉ ናቸው፤ ቆርጠው ባይጥሉም ይፍቃሉ። ከእሱ በላይ የሚሽከረከር ጠንካራ ማያያዣ (ስዊቭል) ግድ ነው። ኮንገር ስትያዝ እንደ ቡሽ መክፈቻ ትሾራለች፤ ማያያዣው ካልዞረ ዋናው ክር ተጠማዞ ይበጠሳል።

ውኃው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት ትንሽ በሆነበት ሳምንት፣ ማለትም ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ሂዱ። በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ጊዜ ጅረቱ ጠንካራ ስለሆነ ክሩን የሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት መሬት አይዝም፣ ኮንገሯም ከጉድጓዷ አትወጣም። ጀልባው መልሕቅ የሚጥለው ከመርከቡ በላይ፣ ጅረቱ ከሚመጣበት ወገን ነው። ማባበያው ከስብርባሪው ጥቂት ሜትር ፊት ለፊት ያርፍና ሽታው ወደ ውስጥ ይገባል። እሷ ወደ እናንተ ትውጣ እንጂ እናንተ ወደ ብረቱ አትግቡ።

የምትነክሰው ስታዩት ያታልላል፦ 30 ኪሎ ዓሣ ዘንጉን እንደ ትንሽ ዓሣ ብቻ ታንኳኳዋለች። ወዲያው የነቀነቀ ሰው ባዶ ያወጣል። ክሩ መሳብ ሲጀምር ጠቅልሉ፣ ክብደቷ ሲሰማችሁ ዘንጉን በጽናት አንሡና አታቁሙ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሜትሮች ነው። ወደ ኋላም መዋኘት ስለምትችል ጅራቷ አንድ ብረት ካገኘ ትጠመጠምበታለች፤ ያኔ መጎተት የበለጠ ያጠብቃታል። ይህ ከሆነ በተቃራኒው ክሩን አላልታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጫናው ሲቀርላት ብዙ ጊዜ ራሷ ትለቃለች።

ስትወጣ የአየር አረፋ ከፊቷ ሲቀድም ታያላችሁ። ኢሎች የአየር ከረጢታቸው ከጉሮሯቸው ጋር በቧንቧ ስለተገናኘ አየሩን ያስወጣሉ። ከጥልቅ የወጣ ኮድ ሆዱ ተነፍቶ ሲንሳፈፍ ኮንገር ግን ብትለቀቅ ወደ ታች ትመለሳለች። መልቀቁ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።


መልስ 4፦ የወደብ_ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። መንጠቆ_10፣ አንድ ነገር ብቻ፦ መንጠቆውን እንዴት ነው የምናወጣው? ይነክሳሉ፣ ደማቸውም መርዝ ነው ይባላል። ሕጋዊ መጠኑስ?


መልስ 5፦ መንጠቆ_10

ጀልባ ላይ አታስገቧት። ከጀልባው ጎን ውኃው ላይ እያለች ቲ ቅርጽ ባለው መንቀያ ብረት ይሠራል። የብረቱን ጎባጣ ጫፍ በክሩ ላይ አንሸራትታችሁ መንጠቆው ጎባጣ ላይ ታደርሳላችሁ፣ ክሩን በሌላው እጅ ወደ ታች ትይዛላችሁ፣ ብረቱን ወደ ላይ ታነሳላችሁ። መንጠቆው ይገለበጣል፣ የገዛ ክብደቷ ያላቅቃታል። የመንጠቆውን እሾህ አስቀድሞ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት ሥራውን በግማሽ ይቀንሳል። መንጠቆው ጉሮሮ ውስጥ ከወረደ አትቆፍሩ፣ ክሩን በተቻለ መጠን ቀረብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ዝገት የሚበላው ተራ መንጠቆ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ የማይዝገው እዚያው ይቀራል። ትልቋን በመንጋጋዋ አንጠልጥሎ ፎቶ መነሳትም ይቅር፤ ውኃ ውስጥ ክብደት የማያውቅ አከርካሪ 30 ኪሎ እንዲሸከም አልተሠራም።

መርዘኛ ንክሻ የላትም። የምትጎዳው ነክሳ ስለምትሾር ነው፣ ቁስሉ ይዘረጠጣል። በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ለሐኪም መታየት አለበት፣ የቴታነስ ክትባትም ይጠየቅ። የሞተች መስላ ከሰዓታት በኋላም መንጋጋዋ ሊገጥም ይችላል፤ አፏ ውስጥ ጣት አይገባም።

ሕጋዊ ዝቅተኛው ርዝመት በብሪታንያ ዳርቻዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው 58 ሴንቲሜትር ነው፤ የየአካባቢው ደንብ ስለሚጨምርበት ከመሄዳችሁ በፊት የወረዳውን ድረ ገጽ እዩ።


መልስ 6፦ የወጥ_ቤት_ጨው

ደሙ ላይ ልጨምር። የኢሎች ሁሉ ጥሬ ደም ውስጥ መርዛማ ፕሮቲን አለ። ዓይን ወይም ክፍት ቁስል ከነካ ያቃጥላል። ሙቀት ስለሚያጠፋው በደንብ የበሰለ ኮንገር ምንም አያደርግም፤ ጥሬውን ግን መብላት የለም። ስታርዱት ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን አትሹ።

ዝልግልጉን በደረቅ ጨውና በኮምጣጤ አሽታችሁ እጠቡት፣ ካልሆነ ቢላው ይንሸራተታል። ቆዳውን ለመግፈፍ ከራሱ በታች ዙሪያውን ቁረጡና በፒንሳ ይዛችሁ ወደ ጅራት ሳቡ። ከዚያ ወሳኙ ነገር፦ ከራሱ እስከ ሆዱ መጨረሻ (ዓይነ ምድሩ እስካለበት) ያለው ክፍል ጥሩ ሥጋ ነው፣ ሦስት ሴንቲሜትር ውፍረት እየተቆረጠ ይበስላል። ከዚያ ወደ ጅራት ያለው በደቃቅ አጥንት የታጨቀ ስለሆነ ለመረቅ ብቻ ነው የሚሆነው። «ኮንገር አጥንት ብቻ ነው» የሚል ሰው ከጅራቱ በኩል የተሸጠለት ሰው ነው። የጀርሲ ደሴት ሰዎች ከራሱና ከጅራቱ ሾርባ ይሠራሉ፣ ወተትና ጎመን ጨምረው ላዩ ላይ የማሪጎልድ አበባ ቅጠል ይበትኑበታል።

ስፔን ውስጥ ደግሞ የኮንገር ቋንጣ አለ ብል ማጋነን አይሆንም። በጋሊሲያ ዳርቻ ሙሺያ በምትባል ከተማ ዓሣውን ይዘረጉትና አየር እንዲያልፍበት ሥጋውን እንደ መረብ ይበሱታል፣ ከዚያ ከእንጨት መስቀያ ላይ በአትላንቲክ ነፋስ ያደርቁታል። ከባሕር በጣም ርቃ ያለችው የካላታዩድ ከተማ ይህን ደረቅ ዓሣ ከጥንት ጀምሮ ትገዛለች፤ በአንድ ዘመን የሚከፈለው በገመድ ነበር። እዚያ በሽንብራ ይሠራሉ። ሽንብራውንም ዓሣውንም ለየብቻ ከዋዜማው ዘፍዝፎ፣ የዓሣውን ውኃ ደጋግሞ ለውጦ ነው። ሽሮ ለለመደ ምላስ የሽንብራና የዓሣ ጥምረት እንግዳ አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቺሊ ምግብ ቤት «ኮንግሪዮ» የሚባለው ኮንገር አይደለም፣ የሌላ ቤተሰብ ዓሣ ነው።

እንዲሁም ይህን ሳይጠየቅ የሚያልፍ አይመስለኝም፦ ኮንገር ቅርፊት የለውም። በዘሌዋውያን 11፥9-12 ያለውን ክንፍና ቅርፊት የሚል ሥርዓት የሚጠብቅ፣ አምባዛ የማይበላ ሰው፣ ይህንንም አይበላም። ለአይሁድ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። በደቃቅ ቅርፊቱ የተነሳ ክርክር የሚነሳው በወንዙ ኢል ላይ ነው እንጂ በኮንገር ላይ አይደለም።


መልስ 7፦ ኤይላት_ዳር

ሁሉም ስለ አትላንቲክ አወራ፤ ቀይ ባሕርም የኮንገር ዘመዶች አሉት። አንደኛው ኮንገር ሲኔሬየስ ነው፤ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ እንደ ጢም ጥቁር መስመር አለው፣ ሌሊት ሌሊት ሰውነቱ ላይ ሰፋፊ ጥቁር ቀለበቶች ይታያሉ። ቀን ላይ በኮራል ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም።

ሁለተኛውን ግን ኤይላትና አቃባ ላይ የሚጠልቅ ሁሉ ያየዋል፣ ኮንገር መሆኑን ሳያውቅ። የአትክልት ኢል የሚባለው ጎርጋሲያ ሲልኔሪ የዚሁ የኮንገር ቤተሰብ ነው። ጅረት በሚያልፍበት አሸዋ ላይ በመቶዎች ሆነው እንደ ስንዴ ቡቃያ ቆመው ይወዛወዛሉ። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት በጅራታቸው ነው፤ ከቆዳቸው በሚወጣ ዝልግልግ ግድግዳውን ስለሚለስኑት አሸዋው አይናድም። ፊታቸውን ወደ ጅረቱ አዙረው የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳትን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ሲመገቡም ሲጋቡም ጅራታቸውን ከጉድጓዱ አያወጡም፤ ጎረቤታሞቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ይጠማዘዛሉ። ሰው ሲቀርብ ሜዳው በአንዴ ባዶ ይሆናል። ማየት የፈለገ የትንፋሹን አረፋ ቀንሶ፣ ከአሥር ሜትር ርቆ አሸዋው ላይ ጸጥ ብሎ ይጠብቅ።


መልስ 8፦ ጥልቁ

ለየወደብ_ዳር አንድ ነገር ረስቼ። በእንግሊዝ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ አትልፋ። ውኃው በጣም ሲበርድ ኮንገር መብላት ትቀንሳለች፣ ብርዱ ከጠናም አትችለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1962-63 በነበረው ከባድ ክረምት በደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ ብዙ ኮንገሮች ደንዝዘው ተንሳፍፈው፣ ሞተውም ተገኝተዋል። ጊዜው ከእንግሊዝ በጋ አጋማሽ (ከሐምሌ ገደማ) እስከ ጥቅምት ድረስ ነው፣ ጨረቃዋ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት፣ ከመሸ በኋላ። አንድ ሜትር ተኩል ያለፈችውን መልሳት፤ እጭ_ፈላጊ እንዳለው ጉዞዋን ገና አልጀመረችም።